መልስ ሞልቶናል፣ የጠፋው ጠያቂ ነው፦ «መምህር ከእንግዲህ አያስፈልግም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ የሚዞር ጽሑፍ አለ። ወላጆች ልከውልኛል። አብረውኝ ያስተማሩ ጓደኞቼም ልከውልኛል። አንዱ «አበቃልን» የምትል አንዲት ቃል ጨምሮበት ነው የላከው። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፤ ይህን አልክድም። ጸሐፊው ለልጆቻችን ተቆርቁሮ እንደጻፈውም ያስታውቃል። ድምዳሜው ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን በጀት የሚያስበላ ነው።

መጀመሪያ ያለውን ልንገራችሁ። በ12ኛ ክፍል ውጤት ይጀምራል፤ መምህራን ያፈሩት ይህን ከሆነ ያልተሞከረውን ማሽን እንሞክር ይላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ከዚህ በኋላ ኤአይ እያልኩ ልቀጥል) ለእያንዳንዱ ልጅ የግል አስጠኚ ይሆናል ይላል። ለዚህም ናይጄሪያን፣ አሜሪካንና የራሳችንን ወንጪን ይጠቅሳል። ሦስተኛ፣ በሽታችን ከቄስ ትምህርት ቤት የወረስነው ሽምደዳ ስለሆነ ከእንግዲህ ማንም ምንም በጭንቅላቱ መያዝ የለበትም ይላል። አራተኛ፣ ማሽኑ አማርኛም ኦሮምኛም ስለሚናገር የገጠሩና የከተማው ልጅ እኩል ሆነዋል ይላል። ማሽኑ ስለሚሠራው የቤት ሥራና ፈተና ደግሞ ሞተዋል ይላል። ስለዚህ ለመምህራን ሥልጠና የሚወጣው ገንዘብ ታብሌት ይገዛበት።

በተራ በተራ ልሂድ።

ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት የጠቀሰው ቁጥር እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ያስደነግጣል። እኛ መምህራንም ከተጠያቂነት አናመልጥም። ግን ጸሐፊው አንድ ነገር ዘሏል። በ2014 ምን ተቀየረ? መምህራኑ በአንድ ዓመት ውስጥ አልደነዘዙም። የተቀየረው የፈተናው ቦታ ነው። ተማሪዎቹ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። ስልክ ተከለከለ። ኩረጃው ተቆረጠ። ከዚያ በፊት መልሱ በስልክም በወረቀት ቁራጭም ይገባ ነበር። በ2008 ዓ.ም.ማ ፈተናው ቀድሞ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና ነው የተሰጠው።

እንግዲህ ልጆቻችን መልስ አጥተው አያውቁም ማለት ነው። መልሱ እጃቸው ነበር። መልሱ ሲከለከል ውስጡ ባዶ ሆኖ ታየ። ጸሐፊው ለዚህ ሕመም ያዘዘው መድኃኒት ደግሞ ከቴሌግራም የፈጠነ መልስ ነው።

«ማሽን አልተሞከረም» ለሚለው፣ እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለውን ያን ትልቅ ቴሌቪዥን የሚያስታውስ ይህን ክርክር ሲሰማ ፈገግ ይላል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይመጣልን ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሲቪክስ ሳይቀር። ምስሉ ያምር ነበር። በቤተ ሙከራ አይተነው የማናውቀውን ሙከራ በቀለም አሳይቶናል፤ ይህን ውለታውን አልረሳም።

ችግሩ ሌላ ነው። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጥልልናል። «አሁን ሥሩት» ይላል። ደብተር ገልጠን፣ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ጊዜው ያልቃል። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ጎበዞች፣ በትክክል ሠርታችኋል» ይለናል። ማንም አልሠራም። እርስ በርስ ተያይተን እንስቃለን። መምህራችን መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስላላቸው ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ያልገባኝን ለመጠየቅ እጄን ባወጣ የሚያየው እሳቸው ናቸው፣ የሚናገረው ግን ቴሌቪዥኑ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ ሄደ። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ነገ ሌላ ምዕራፍ ነው።

ጸሐፊው «ኤአይ እንደ ፕላዝማ አይደለም፣ ይጠብቃል፣ ያዳምጣል» ይለኝ ይሆናል። ትክክል ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ እኔም በዚህ ተስፋ አደርጋለሁ። ፕላዝማ የወደቀው ግን በቴክኖሎጂው ድክመት ብቻ አይደለም። ማስተማር ማለት ማስረዳት ነው ብሎ ስለተነሳ ነው። ማስረዳት የሥራችን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ልጁ ምን እንደገባው ማወቅ ነው፤ ጠይቆ መጠበቅ፣ ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ መድረስ፣ ሳይሠራ ሲቀር «ለምን አልሠራህም?» ብሎ መያዝ።

ወደ ግል አስጠኚው ልምጣ። ማሽን አስጠኚ ሊሆን አይችልም ብዬ አልከራከርም። ይችላል። በጽሑፍ የጠየቁትን የሚመልሰው ቻትጂፒቲ ከመምጣቱ በፊትም ተችሏል። ከርት ቫንሌን የተባለ ተመራማሪ የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስቦ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ ተማሪውን ደረጃ በደረጃ እየጠየቀ የሚሄድ የኮምፒውተር አስጠኚ ከሰው አስጠኚ እምብዛም አያንስም። የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይቶ «ልክ ነህ፣ ተሳስተሃል» የሚለው ኮምፒውተር ግን ያመጣው ጥቅም ከዚያ ከግማሽ በታች ነው። ማሽን መሆኑ አይደለም ወሳኙ። መጠየቁ ነው።

አሁን ደግሞ የቱርኩን እዩት። ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በሒሳብ ትምህርት ተሞክሮ በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። አንዱ ቡድን ተራውን፣ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ ቻትቦት አገኘ። ሌላው መልሱን እንዳይናገር፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ሆኖ በመምህራን እገዛ የተዘጋጀውን። የቀሩት ከደብተርና ከመጽሐፋቸው ጋር ቀሩ። ልምምዱ ላይ የመጀመሪያው ቡድን ውጤት በ48 በመቶ ከፍ አለ፤ የሁለተኛው በ127። እሰየው! ከዚያ ማሽኑ ተዘግቶ ፈተና ተሰጠ። መልስ ሲቀበል የከረመው ቡድን ኤአይን ጨርሶ ካልነካው በ17 በመቶ አንሶ ተገኘ። ፍንጭ ሲቀበል የነበረው አልተጎዳም፤ በደብተር ከተለማመዱት ግን አልበለጠም። የሚያሳዝነው፣ የተጎዱት ልጆች መጎዳታቸው አልታወቃቸውም። ልምምዱ ላይ ሁሉም ነገር ይሳካላቸው ነበራ!

ጸሐፊው ከመልስ ማሽንና ከመጠየቂያ ማሽን የትኛውን እንደሚያወድስ አልለየም። ልጆቻችን ስልክ ላይ ያለው ደግሞ የመጀመሪያው ነው።

የናይጄሪያው ምሳሌ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ኤዶ ግዛት፣ ቤኒን ሲቲ ውስጥ፣ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለ6 ሳምንት በኤአይ እንግሊዝኛ ተለማመዱ። የዓለም ባንክ ጥናት ያሳየው መሻሻል ከብዙ ውድ ፕሮጀክቶች የበለጠ ነው። ግን ጸሐፊው ያልነገራችሁ፣ ልጆቹ ኮምፒውተር ክፍል ገብተው ሲሠሩ መምህራን አብረዋቸው ነበሩ። የሠለጠኑ መምህራን። ክፍለ ጊዜውን የሚከፍቱት፣ ምን ብለው እንደሚጠይቁ የሚያሳዩት፣ እየተዘዋወሩ የሚያዩት እነሱ ነበሩ። ይህን አንብቦ «መምህር አያስፈልግም» ማለት እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም።

ወንጪም እንደዚያው። በ2012 እ.ኤ.አ. ገደማ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ማንበብ የሚችል ሰው በሌለባቸው መንደሮች፣ ለሕፃናት ያለ ማብራሪያ ታብሌት ተሰጣቸው። ራሳቸው ከፈቱት። ኤቢሲዲ ዘመሩ። የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱ። ታሪኩ ዓለምን ዞረ፤ ሊያኮራን ይገባል። የእነዚያን ልጆች ጭንቅላት የሚጠራጠር ሰው እኔ ዘንድ የለም። ነገር ግን የተማሩት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ በአፋቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ትላልቆቹ ሰዎች የፀሐይ ቻርጀሩን አያያዝ ሠልጥነዋል። ሜሞሪ ካርዱን በየሳምንቱ የሚቀይር ባለሙያም ይመላለስ ነበር። የፊደል መዝሙርና ማንበብ ደግሞ ሰፊ ርቀት አላቸው።

መምህር የለውም የተባለው የአሜሪካው ትምህርት ቤት፣ ቴክሳስ ኦስቲን ያለው አልፋ ስኩል፣ ብዙ አያቆየኝም። ልጆቹ በቀን ሁለት ሰዓት ከሶፍትዌር ጋር ይማራሉ፣ እውነት ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ስማቸው «ጋይድ» ተብሎ ተቀየረ እንጂ። ክፍያው በዓመት 40 ሺህ ዶላር ነው። በዚህ ብር ማንም ያስተምራል።

አሁን ወደምወደው ነጥብ ልድረስ፤ ወደ ሽምደዳው።

ሽምደዳ ጎድቶናል። ትርጉሙን ሳያውቅ የደገመ ብዙ ነው፤ በቄስ ትምህርት ቤትም በዘመናዊውም። የኒውተንን ሕግ እንደ ዳዊት የሚወርድልኝ፣ «ታዲያ ባጃጁ በድንገት ሲቆም ለምን ወደ ፊት ተወረወርክ?» ስለው ዝም የሚለኝ ተማሪ ስንቱ ነው። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ጥፋቱን የጣለበት ቦታ ግን ልክ አይደለም። የአብነት ትምህርቱ ንባብ ቤት ላይ አያልቅም። ቅኔ ቤትን ረስቶታል።

ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ቀን ከሰው ተነጥሎ ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ይቀመጣል። ቆጠራ ይሉታል። ከራሱ ጋር ይታገላል። ከዚያ ያፈለቀውን ይዞ የኔታ ፊት ወይም ከፍ ያለ ተማሪ ፊት ይቀርባል፤ ይነግራል። ጀማሪው ጉባኤ ቃና በምትባል ሁለት ቤት (ስንኝ) ባላት አጭር ቅኔ ይጀምርና እያደገ ረዘም ያለው መወድስ ይደርሳል። የኔታ ዝም ብለው አይሰሙም። ግሱ ለምን እንዲህ ሆነ? ምሥጢሩ የታል? ይላሉ። ያርማሉ። ልክ ካልሆነ ነገ ተመለስ ነው። የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ፣ የሌላ ሰው ማቅረብ ነውር ነው። ቅኔ አንዴ ተነግሮ ያበቃል፤ ነገ አዲስ ይጠበቃል። ሽምደዳን በዚህ ደረጃ የሚከለክል ክፍል ዛሬም የትኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዳለ አላውቅም።

ደግሞ ያው ቅኔ ተማሪ ከባዶ አይነሳም። ግሱን ይዟል። ታሪኩን፣ መጽሐፉን በቃሉ ይዟል። በጭንቅላቱ የያዘው ነገር ነው ለፈጠራ የሚሆነው። «ማሽኑ ስለሚያውቅ እኛ አንያዝ» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል።

በቅርብ የሆነ ላሳያችሁ። አንዱን ቻትቦት በአማርኛ «ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 10 ስንት ቀን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። አሠራሩን ዘርዝሮ፣ አሳምሮ፣ 21 ብሎ መለሰልኝ። ነሐሴን ኦገስት አድርጎ 31 ቀን ሰጥቶታል። ጳጉሜን የለችም። «ጳጉሜንስ?» ስለው ይቅርታ ጠይቆ 10 ቀን ከነሐሴ፣ 5 ከጳጉሜን፣ 10 ከመስከረም ደምሮ 25 አለኝ። የሚደነቅ ነው፣ ወዲያው ታረመ። ግን ያንን «ጳጉሜንስ?» የሚል ሰው ያስፈልጋል። እኔ ጳጉሜንን በጭንቅላቴ ስለያዝኩ ጠየቅሁ። ያልያዘ የ4ኛ ክፍል ልጅ 21 ብሎ ደብተሩ ላይ ጽፎ ይሄዳል። ነገ ሌላ ሞዴል መጥቶ ይህን አይሳሳትም ይሆናል። ሌላ ቦታ ይሳሳታል፤ ያኔም የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው።

ይህ ወደ ቋንቋና እኩልነት ያመጣኛል። ማሽኑ አማርኛ መናገሩ ትልቅ ነገር ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለሚጠየቅ ልጅ፣ ያልገባውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ተብራርቶ ማግኘት እፎይታ ነው። ለዚህ ጸሐፊው ሙሉ ነጥብ ይውሰድ። «እኩል ሆነዋል» ሲል ግን ቀለደ። ከአምስት ኢትዮጵያዊ ኢንተርኔት የሚጠቀመው አንዱ ገደማ ነው። የሚከፈልበት የተሻለው አገልግሎት በወር 20 ዶላር ነው፤ ያውም ውጭ አገር ካርድ ያለው ዘመድ ከተገኘ። ሌላም የማይታይ ነገር አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ አንድ። ማሽኖቹም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ስለተሠሩ የእኛን ቃል ብዙ ቦታ ይቆራርጡታል። በወር ሳይሆን በአጠቃቀም ልክ በሚያስከፍሉት አገልግሎቶች ደግሞ ሒሳቡ የሚታሰበው በቁርጥራጭ ነው። ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ይወደዳል፣ ነጻው ኮታም ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። የቦሌው ልጅ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ በርካሽ፣ የተሻለ መልስ ያገኛል። ከገጠር የመጣው በአማርኛ ይጠይቃል፣ በውድ፣ ጳጉሜን የሌለበት መልስ ይደርሰዋል።

የቤት ሥራ ሞቷል ለተባለው፣ ግማሹን እቀበላለሁ። «ስለ አካባቢ ብክለት አንድ ገጽ ጽፋችሁ ኑ» የሚለው ዓይነት አልቆለታል። ድሮም ከጎረቤት ልጅ ይገለበጥ ነበር፤ ብዙ አላዝንለትም። በማሽን ያስጻፉትን ልጆች በሶፍትዌር እንይዛቸዋለን የሚሉ ባልደረቦቼም ተስፋ ባይጥሉበት ይሻላል። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ማሽን የጻፈውን እንዲለይ ራሱ ያወጣውን መለያ ልክነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. አንስቶታል። በዚያው ዓመት የወጣ የስታንፎርድ ጥናት ደግሞ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ሰዎች ራሳቸው የጻፉትን የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰት መለያዎቹ ከግማሽ በላዩን «ማሽን የጻፈው ነው» ማለታቸውን አሳይቷል። የእኛ ልጅ የሚጽፈው እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ነው። ንጹሑን ልጅ ሌባ ልንል ነው።

ፈተና ግን አልሞተም። መልኩን ነው የሚለውጠው። ልጁ የጻፈውን ይዞ ይቅረብና «ይህን ዓረፍተ ነገር ለምን እንዲህ አልከው?» ተብሎ ይጠየቅ። የኔታ ሲያደርጉት የኖሩትን ማለቴ ነው። 60 እና 70 ልጅ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል የሚለኝ መምህር አለ፤ እውነቱን ነው። ኤአይ የሚያግዘን እዚህ ጋ ይመስለኛል። ማታ ተቀምጬ የማወጣውን የመለማመጃ ጥያቄ በደቂቃ ያውጣልኝ። ደካማውን ልጅ የሚመጥን ቀላል ምሳሌ ይጻፍልኝ። የቃል ጥያቄዎችን ያዘጋጅልኝ። ያተረፈልኝን ሰዓት ከልጆቹ ጋር ላጥፋው። ቅኔ ቤትም ቢሆን ሁሉንም የኔታ ብቻቸውን አይሰሙም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፣ ማለትም ያስጠናል። ይህን ወደ ክፍላችን ለመመለስ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም።

የቀረው ገንዘቡ ነው። ኢስቶኒያ፣ ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ኢንተርኔት ላይ ያለ አገር፣ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ኤአይን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ስታስገባ ለ20 ሺህ ተማሪ 3 ሺህ መምህራንን አብራ ነው ያቀደችው፤ ሥልጠናውም ከመምህራኑ ጀመረ። ሎስ አንጀለስ በ2024 እ.ኤ.አ. «ኤድ» የተባለ ቻትቦት በሚሊዮኖች ዶላር ውል በሆታ አስመረቀች። የሠራው ኩባንያ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደቀ፣ ቻትቦቱም ተዘጋ። እዚያ መምህራኑ ስለነበሩ ትምህርቱ ቀጠለ። እኛ የመምህራኑን ገንዘብ ታብሌት ገዝተንበት ኩባንያው ቢወድቅ ክፍል ውስጥ ማን ይቆማል?

ጸሐፊው መሞከር አለብን ባለው እስማማለሁ። እንሞክር። ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይመረጡ፣ መምህራኑ ይሠልጥኑ፣ መልስ የሚሰጠው ሳይሆን የሚጠይቀው ዓይነት ይገባ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ታብሌቱ ተሰብስቦ፣ ስልኩ በር ላይ ቀርቶ፣ በወረቀት ይፈተኑ። ኤአይ ካልነካቸው ልጆች በልጠው ከተገኙ የእሱን ጽሑፍ እኔው ራሴ በየግሩፑ እልክለታለሁ።